ከአልጋ ዳግም የተነሡት የወይዘሮ ጥሩሸዋ ወዳጆ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ ወልደ አማኑኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባየሁ ማዕረግ በመንዝ፣ ቀየት አጠገብ፣ በመስከረም 1924 ዓ.ም. ተወለዱ። በዘመኑ ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፊደል የቆጠሩት በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ታናሽ እህታቸው ከየአገሩ የሚልኩላቸውን ደብዳቤ ራሳቸው አንብበው፣ ግድፈቱን ሳይቀር አርመው ይመልሱ ነበር።

በ1941 ዓ.ም. ከአቶ ገብረ ክርስቶስ ጫኔ ጋር ተጋብተው ወይዘሮ ጌታነሽን፣ አቶ ምስክርንና ወይዘሮ ትሕትናን ወልደዋል። የበግ ፀጉር ፈትለው ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ እያሠሩ መሐል ሜዳ ገበያ በመሸጥ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። ባለቤታቸው በ1987 ዓ.ም. ሲያርፉም ከሥራቸው አልተለዩም።

በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. አመዳይ በጣለበት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁና የግራ እግራቸው ተሰበረ። ደብረ ብርሃን ታክመው ጄሶው በመጋቢት ተፈታ። ወይዘሮ ጌታነሽ ግን ያ አወዳደቅ ከዓይናቸው አልጠፋ አላቸው። ምርኩዙን ደበቁት፤ እናታቸው ንቅንቅ ባሉ ቁጥር፣ «እማዬ በሞቴ፣ እኛ እያለን ለምን ይነሣሉ?» እያሉ ይመልሷቸዋል። በእጃቸው መጉረስ እየቻሉ አጎረሷቸው። ለቤተሰቡ ይህ ሁሉ አክብሮት ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን እግራቸው ሰልሎ፣ ካልደገፏቸው መቀመጥም አቃታቸው።

ሊጠይቋቸው የመጡት ነርስ አቶ ሰላሃዲን አይተው ደነገጡ። «አጥንቱ ገጥሟል፤ አሁን እግራቸውን የሚበላው መተኛቱ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ተነሥተው ካልተቀመጡ እስከ መስከረም ጨርሶ መቆም ያቅታቸዋል» አሉ። ወይዘሮ ጌታነሽ፣ «ደግመው ቢወድቁስ?» ብለው አለቀሱ። እናትየውም፣ «ያለ ምክንያት ብድግ ቁጭ ማለት ለፖሊስ ምልምል ነው» ብለው እንቢ አሉ።

በማግስቱ ግን ምክንያቱን ራሳቸው አገኙት። ጎረቤት ሲገባ የአልጋውን ቋሚ ይዘው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ «ኖር!» ብለው ለመነሣት ሞከሩ። ሰውየው ደንግጦ፣ «በእግዜር! በእግዜር! ይቀመጡ!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለገባ ሁሉ፣ ለልጅ ልጆቻቸውም ጭምር፣ ይነሡ ጀመር። ዘመድ አዝማዱ አፈረ፤ «እናት ለልጅ ትነሣለች እንዴ? ነውር ነው!» ተባለ። እሳቸውም፣ «የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ቶሎ ቶሎ አትውጡ አትግቡ» ብለው መለሱ። የልጅ ልጆቻቸው ግን ገባ ወጣ ማለቱን ጨዋታ አደረጉት። ወይዘሮ ጌታነሽ እጃቸውን ዘርግተው ከኋላ ይቆሙ ነበር። በጥቅምት ምርኩዙን ከደበቁበት አውጥተው በገዛ እጃቸው ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከሰባት ዓመት በላይ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ፤ ፈትላቸውንም ፈተሉ። ወይዘሮ ጌታነሽ ግን በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ከስጋት አላረፉም።

በጥር 2004 ዓ.ም. ለከተራ ታቦት ሸኝተው ሲመለሱ ብርድ መታቸው፤ ሳምባቸውን አመማቸው። ወይዘሮ ጌታነሽ፣ «ምነው ባስቀረኋቸው ኖሮ» እያሉ ሲብሰከሰኩ፣ እናታቸው እጃቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ ያመጣሁት ብርድ ነው። ብታስቀሪኝማ ተቀይሜሽ እሞት ነበር» አሏቸው። ሦስት ቀን ብቻ ተኝተው፣ ጥር 14 ቀን በተወለዱ በ80 ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆች፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለወይዘሮ ጌታነሽም እናታቸው እንደተመኙላቸው ከጸጸት የነጻ ልብ ይስጥልን። አሜን።