ያስቆረጥኩት ፌሮ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማልጠግብሽ ልጄ፣ ለቲቲ፤

እንዴት ከርመሻል ዓለሜ? እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ትዝ የሚለኝ ብርዱ ሲበረታ ብቻ ነው። ይህን የምልክልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሉሲ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ ነው። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በስልክ አልቻልኩሽማ። ገና «እማዬ» ስትዪኝ ሆዴ ይባባና ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል፤ አንቺ ደግሞ በዚያች ክፍተት ስለ ፎቁ ትጀምሪያለሽ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም።

ጥር ላይ ኮንትራትሽ ሲያልቅ እንደገና ልትፈርሚ ማሰብሽን ሉሲ ነገረችኝ። ለምን ብላት «ለሁለተኛው ፎቅ ነዋ» አለችኝ። ባለፈው የፈረምሽው ለሶፋው ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ለግቢው በር።

እስቲ እኔ ቤቱን እንዴት እንደምኖርበት ልንገርሽ። አራት ክፍል አሠርተሽልኝ የምኖረው በአንዷ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በምትገባባት፣ በጓሮ በኩል ባለችው። አልጋዬ፣ ራዲዮኔ፣ የልብስ ሳጥኔና ሁለት በርጩማ አሉኝ። ወደ ሌሎቹ ክፍሎች የምገባው አቧራ ልጠርግ ነው። ያ ትልቁ ሶፋ የመጣ ጊዜ ላስቲኩን እንዳላወልቅ አንቺው አዘዝሽኝ፤ እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር እየተንኮሻኮሸ ወሬ አላሰማ አለን። በመጨረሻ ለደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ሰጠሁት። አትደንግጪ። አሁን ሳሎኑ ላይ ሰሌን አንጥፌ ከጫንጮ ለንግድ የማመጣውን ባቄላ አሰጣበታለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ይመጡና እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ባቄላ እየለቀምን እንጫወታለን። እነዚያ ሴቶች በሶፋው ዘመን ከበር ላይ ሰላም ብለውኝ ነበር የሚመለሱት። ጫማችን ያቆሽሽብሻል እያሉ።

ባለፈው በቪዲዮ ስንነጋገር ከኋላሽ የሳሙና ካርቶን ተደርድሮ አየሁ። «ዕቃ ቤት ነሽ እንዴ?» ብልሽ «ክፍሌ እኮ ነው እማዬ፣ ሰፊ ነው» አልሽና ስልኩን ወደ ፊትሽ አስጠጋሽው። እኔም ሳቅሁልሽ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ባዶዎቹን ክፍሎች አንድ በአንድ ከፍቼ አየኋቸውና አለቀስኩ። ልጄ በካርቶን መሃል እየተኛች እኔ አቧራ የማስተኛበት ክፍል ታሠራለች።

በማግስቱ ቤታችንን የሠሩትን ግንበኛ፣ ኦቦ ደገፋን አስጠራኋቸው። ጣሪያው ላይ ለሁለተኛው ፎቅ ተብሎ የቆመውን ፌሮ በሙሉ እንዲቆርጡልኝ ነገርኳቸው።

«አዴ ውብአየሁ፣» አሉኝ የብረት መጋዛቸውን እንደያዙ፣ «ይኼ ከተቆረጠ እኮ ፎቅ የለም ማለት ነው። ልጅቷስ ታውቃለች?»

«ስትመጣ ታየዋለች።»

«ሰፈሩ ሁሉ ፌሮ አቁሞ እየጠበቀ እርስዎ ብቻ?»

«ሰፈሩ ይጠብቅ። እሱ እስከቆመ ድረስ የኔ ልጅ አትመጣም።»

ቀና ብለው ፌሮውን አዩ። የሳቸውም ልጅ ሳውዲ ነው፤ የሳቸውም ጣሪያ ላይ ፌሮ አለ። «ቶሌ፣ እሺ» አሉና መሰላሉን ወጡ። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ከጣሪያው ኮንክሪት፣ ከሶሌታው እኩል ነው የቆረጡት፤ ልቀጥለው ብትዪ የምትይዢው ነገር የለም። በላዩም ቆርቆሮ አልብሰውልኛል፤ አሁን ዝናብ ሲመጣ አያፈስብኝም።

ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል ይባላል። አንቺ ግን የሰጡሽን ሳትቀምሺ ነው የምታለቅሺው። ቤት አሠራሽ፤ አንድ ሌሊት አላደርሽበትም። እኔ የሚበቃኝን ካወቅሁ ቆየሁ ልጄ፤ ያስቸገረኝ አንቺን ማሳመን ነው። የባቄላው ንግድ ለሁለታችን ጉሮሮ አያንስም፣ እጅሽም ከሥራ ጋር የተዋወቀ ነው። ከአልጋዬ ጎን ላንቺም አልጋ ዘርግቼልሻለሁ። ጠበበኝ ካልሽ ሦስት ክፍል አለ፣ የወደድሽውን ትይዣለሽ። ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንኳ አጠገቤ ብትተኚ ደስ ይለኛል።

የማርያም ልጅ የደከመ ጀርባሽን ያሳርፍልሽ፤ በወጣሽበት እግር ይመልስሽ። የምታገለግያቸውንም ሰዎች ልብ ያራራልሽ።

ይህን ስታነቢ መናደድሽ አይቀርም። አውቅሻለሁ፤ ፊትሽ ቀልቶ ወዲያው ስልክ ታነሺያለሽ። አላነሳልሽም። ልትቆጪኝ ከፈለግሽ አትፈርሚና መጥተሽ ፊት ለፊት ተቆጪኝ።

ቁጣሽን በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ እናትሽ፣
ውብአየሁ