ሃያኛዋ ልጅ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 2022
ፊዚክስም እኔው ላይ ወደቀ። እዚህ ዩጋንዳ በኮቪድ ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግተን ዛሬ ብንከፍት፣ የፊዚክሱ ሚስተር ኦኬሎ የለም። ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ እየነዳ ነው፤ ማስተማር በቃኝ ብሏል አሉ። ሒሳቡ ብቻውን መች አነሰኝ! ተማሪውም ሌላ ሰው ሆኗል። ወንዶቹ ጎርምሰዋል። ከሴቶቹ ሦስቱ ወልደው አንዷ ብቻ ተመልሳለች።

ማክሰኞ
ዳይሬክተሯ ማዳም ናካቶ የተማሪ ቆጠራ ቅጽ ሰጡኝ። ወንድ፣ ሴት፣ ዜጋ፣ ስደተኛ። ስደተኞቹ ሃያ ከሞሉ አንድ የእርዳታ ድርጅት የፊዚክስ መምህር ይቀጥርልናል፤ ይህን ተማሪው ሁሉ ሰምቷል። አሥራ ዘጠኝ አገኘሁ። ሃያኛዋ ሰላማዊት ናት፤ እንደኔው አበሻ። በእረፍት ሰዓት መጣች።

"ቲቸር፣ እባክዎ ዩጋንዳ ብለው ይጻፉኝ። የተወለድኩት እዚሁ ኪቡሊ ነው።"

ከመዘጋታችን በፊት ደብተር ሲታደል "ስደተኞች በዚህ በኩል" ተብለው ለብቻ ተሰልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ "ሪፊዩጂ" እያሉ ነው የሚጠሯት። ያን ቀን አሰላፊዋ እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ
ዜጋ ለማለት የመታወቂያ ቁጥር ይጠየቃል። የላትም። ስደተኛ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ስሟን ዘለልኩት። ከክፍል ስወጣ ማዳም ናካቶ ቅጹን ከጠረጴዛዬ አንስተው ለቆጠራ ቢሮው ልከውታል። ስሟን እንደዘለልኩ አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ
የቢሮው ቆጣሪ መጡ። ተማሪውን ሜዳ ላይ አሰልፈው ክፍል በክፍል ቆጠሩ። የሰላማዊት ክፍል ከወረቀቱ በአንድ በለጠ። "ተሳሳትኩ መሰለኝ" ብለው እንደገና ጀመሩ። ሰላማዊት ዞር ብላ ፊቴን አየች፤ ገባት። ከሰልፉ ሹልክ ብላ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደች።

ቁጥሩ ልክ መጣ። ሰውየው ፈረሙ።

ዓርብ
አልመጣችም። ለማዳም ናካቶ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጣም ተቆጡ። ወደ ቢሮው ደውለው እርማቱን እስከ ሰኞ እንዲጠብቁን ለመኑልኝ።

ቅዳሜ
ኪቡሊ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ በር ላይ ቆመው "አሟታል እኮ፣ እህቴ" አሉኝ። ከጓዳ ስትስል እንኳ አልሰማሁም። ስሟን የዘለልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ በሉልኝ ብዬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ሰኞ
መጣች! የእርማቱን ቅጽ ፊቷ ዘረጋሁት። እንዳልሽኝ አደርጋለሁ፣ የመታወቂያ ቁጥሩንም ቢሮ ለቢሮ ስለምን እከርማለሁ አልኳት። ብዕሩን ተቀበለችኝና ስሟን ራሷ ጻፈች። ቀጥላም ስደተኛ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

"ፊዚክስ እኮ አይችሉበትም፣ ቲቸር" አለች። ሳልወድ ሳቅሁ።

"ግን ሁለተኛ ለብቻችን አያሰልፉን።"

ሃያ ሞሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደብተሩ ከእንግዲህ በየዴስኩ ይታደላል ብዬ ቃል ገባሁላት። ማዳም ናካቶን ገና አልጠየቅኳቸውም።