በመሬት ቢሮ ያልሞተው አባቴ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

አባቴ መሬቱን ሊያከራይ ነው አሉኝ። አምና በጥቅምት የቀበርነው አባቴ!

የነገረችኝ የአክስቴ ልጅ አስናቀች ናት፤ ከዳባት ደውላ። አንድ ሰው የአባቴን መታወቂያ ይዞ «አያሌው ተገኘ ነኝ» ብሎ መሬት ቢሮ ቀርቧል። የኪራይ ውሉን ዓርብ ይፈርማል። ያውም የረጅም ዘመን ውል! እናቴ የምትበላው ከዚያች ማሳ ነው፤ ሌላ ምን አላት? የደንበኛዬን ሹሩባ በግማሽ ትቼ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። ሴትዮዋ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

መታወቂያው የት እንደገባ አሁን ገባኝ። ካፖርቱን ለነፍሱ ብለን ለነዳያን ስንሰጥ ኪሱን ያየ የለም። ከዚያ በማን እጅ እንደዞረ እግዜር ይወቀው።

ማክሰኞ 10

ጸጉር ቤቱን ዘግቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከደባርቅ ዳባት ሄድኩ። የመሬት ቢሮው ልጅ ፋይሉን ገልብጦ «በእኛ መዝገብ በሕይወት አሉ» አለኝ። ሞቷል፣ ቀብሬዋለሁ አልኩት። «እንግዲያው የሞት ማስረጃ አምጪ። ያለዚያ ራሳቸው ቀርበው ይቃወሙ።»

ራሳቸው! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ንዴቴ።

ሞት የሚመዘገብበት ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ነው። መዝጋቢው ሁለቴ ፈለገልኝ። አያሌው ተገኘ የሚባል ሟች የለም። እናቴ አላስመዘገበችም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በሆዴ ስወቅሳት ዋልኩ።

ረቡዕ 11

እናቴ ጮኸችብኝ። «አስመዝግቤያለሁ እኮ! በእግሬ ሄጄ!»

በማን ስም?

«በክርስትና ስሙ ነዋ፣ ወልደ ሚካኤል ብዬ። የሞተ ሰው በዓለም ስሙ ይጠራል እንዴ? ፍትሐቱስ ተዝካሩስ በምን ስም ነበር?»

የአባቱንም የክርስትና ስም ጨምራ ሰጥታለች። መታወቂያ ሲሏት ጠፍቷል ብላ፣ ቃሏን ተቀብለው ጻፉላት። ልቆጣት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እውነቷን ነው፤ አባቴን ከሞተ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን አያሌው ብሎ የጠራው የለም። ግን ዓርብ እየመጣ ነው። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚመሰክርልኝ ያስፈልጋል። የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ!

ሐሙስ 12

ዛሬ ደግሞ ሚካኤል! ቅዳሴው እስኪያልቅ ጥፍሬን በላሁ። ቄስ ሞላ ገና ከመውጣታቸው «አባ፣ ይድረሱልኝ» አልኳቸው። «እኔው ፈትቼዋለሁ፣ እኔው እመሰክርለታለሁ፤ ምን ቸገረኝ ልጄ» አሉ። ጸበል ጸዲቁን ሳይቀምሱ ተነሡልኝ። ጎረቤታችንም ሁለተኛ ምስክር ሆኖ ተከተለን።

መሰከሩ። መዝጋቢው የዓለም ስሙን ጨመረ፣ ማኅተሙን መታ። በል አሁን ለመሬት ቢሮው ንገርልኝ አልኩት። «እኛ እንመዘግባለን እንጂ ለሌላ ቢሮ አናስተላልፍም። እንዲህ ያለ አሠራር የለንም።» በመስኮቱ የፊት ለፊቱን በር አሳየሁት። ነገ እኮ ነው የሚፈርመው! ራሱን አከከ። «ነገ ጧት ራሴ ይዤው እገባለሁ» አለ።

አላመንኩትም።

ዓርብ 13

ገባ! ወረቀቱን ይዞ ግቢውን ሲያቋርጥ በዓይኔ አየሁት።

እናቴ አልቀርም ብላ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። የመሬት ቢሮው ልጅ ወረቀቱን አነበበ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ በር ላይ ቆሞ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ተጣራ። «አያሌው ተገኘ!»

«አቤት!» አለ አንድ ሰው ከኋላችን።

እናቴ ዞረች። ፊቷ በርቶ ነው የዞረችው። ከዚያ ሰውየውን አየችው። በእጄ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

«አባባ፣ እርስዎ አምና ሞተዋል ይላል እኮ» አለው የቢሮው ልጅ። ሰውየው ጋቢውን ጥሎ ፈተለከ። ጥበቃው እስከ አስፋልቱ ተከተለው፤ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ አመለጠ። መታወቂያውም አብሮት ሄደ።

ውሉ ቀረ፣ ማሳዋ ዳነች። ተመስገን! ግን ሰውየው አሁንም «አያሌው ተገኘ ነኝ» ማለት ይችላል። ባንክ ቢሄድስ? ብድርና ቁጠባ ቢሄድስ? እነሱ የአባቴን ሞት አያውቁም። መዝጋቢውን ጠየቅኩት። «ለእያንዳንዳቸው ራስሽ ትወስጂላቸዋለሽ» አለ። ኮፒ አስነሣሁ፣ ብዙ ኮፒ።

እናቴ ወረቀቶቹን አይታ «የአባትሽን ሞት ስንት ቤት ነው የምናረዳው?» አለች።

ሰኞ ከባንኩ እጀምራለሁ። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራኝ ትመጣለች።