ማስኩና የአባየ ፂም

ይድረስ ለማከብርሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ ለዝናሽ ፈረደ፤
ፖርት ሱዳን።

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? የባሕሩ ወበቅ እንዴት ይዞሻል? ያ ጨው ጨው የሚለው ውሃ ለሆድሽ ተስማማሽ ወይስ አሁንም አፍልተሽ ነው የምትጠጪው? ባለቤትሽ እንዳለው ሥራ አገኘ? ትንሿ ሃይሚስ ጥርስ አበቀለች? ጦርነቱ ከገዳሪፍ አስነሥቶ እዚያ ከጣላችሁ ወዲህ ስማችሁን ሳናነሣ እህል አንቀምስም። እኔም እንደ ወጉ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ደህና የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ደህና አይደለንም። የታመመውም ሰው ታምሜያለሁ አይልም። በስልክ ያልነገርሁሽ ለዚህ ነው፤ ስልኩ የአባየ ነው፣ ስንደውልልሽም አጠገቤ ተቀምጠው ነው፣ ይህን ደግሞ እሳቸው እየሰሙ አልናገረውም። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ መጂዳ ናት፤ ያች ከገላባት እየተሻገረች ሽንኩርትና ሳሙና የምትነግደው። ልጆቿ ፖርት ሱዳን ስላሉ ልትጠይቃቸው ነገ ትነሣለች።

እንደምታውቂው ሰኔ ላይ በኬሚስትሪ ተመረቅሁ። ሁለት ወር ጎንደር ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የምትለዋን ሳነብ ሰነበትሁና የጫማዬ ሶል ሲያልቅ ወደ ቤት ተመለስሁ። ቁጭ ማለት ግን አልሆነልኝም። አባየ በዚያ በድሮው የእንጨት መቅረጫ ቶርኗቸው የአልጋ እግርና ሙቀጫ ሲያወጡ፣ የተሰነጠቀው ዞጲ ሁሉ ለማገዶ ሲጣል አየሁ። ዞጲ ስልሽ ያ ጥቁሩ፣ መጥረቢያ የሚያጎብጠው የቆላ እንጨት ነው። ስንጥቁን በሬዚን ብንሞላውስ አልኳቸው። ሬዚን ሁለት ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ማር የመሰለ ሙጫ፣ ሌላው ማድረቂያው። ሲቀላቀሉ ይግሉና በማግስቱ እንደ መስተዋት ደርቀው ይገኛሉ። ያንን ቶርኖ ላይ አስረሽ ስትቀርጪው በጥቁሩ ዋንጫ መሐል ሰማያዊ ጅረት ይወርዳል። አባየ መጀመሪያ «እንጨት በፕላስቲክ መጣፍም ዲግሪ ይፈልጋል?» ብለው ሳቁብኝ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ፀሐይ ላይ ካዩት በኋላ ግን መሳቁን ተዉት። ጎንደር ያለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ለገና አርባ ዋንጫ አዘዘን። እኔማ በሐሳቤ ዐሥር ሰው የሚሠራበት ማኅበር አቁሜ፣ ማኅተም አስቀርጬ፣ «ታንጉ» ብዬ በእማየ ስም ሰይሜዋለሁ።

ሬዚኑ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ቆርቆሮው ሥር ጎጆ የሠሩት ወፎች ለቀው ሄዱ። ሙቀቱ ነው ብለን አለፍነው። ከዚያ የአባየ አንገት ማሳከክ ጀመረ፤ ትንኝ ነው አልን። ከዚያ ሳሉ መጣ። አሁን ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ ሳይሆን የሳቸው ደረት ነው፤ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥጥ ይላል። ባለፈው ሰሞን መሐረባቸውን ላጥብ ስዘረጋው ጠቆር፣ ቀላ ያለ ነገር አየሁና ደም መስሎኝ ጮህሁ። በጣቴ ሳሸው የዞጲ ዱቄት ነው። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ፣ ታዲያ ዱቄቱ ደረታቸው ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው መጣብኝ።

የሳቸው መከላከያ ወተት ነው። እንደ ቀለም ቀቢዎቹና እንደ ሲሚንቶ ጫኞቹ፣ ሬዚን በቀላቀሉ ቁጥር ከጎረቤታችን ከኩብራ ቤት የመጣ አንድ ብርጭቆ ወተት ግጥም ያደርጋሉ። ሳምባን ይጠርጋል ነው የሚሉት። ረቡዕና ዓርብ ወተት ስለማይጠጣ ሬዚኑንም አይነኩትም፤ በዚህ እንኳ ጾም የሠራልንን አመሰገንሁ። «አባየ፣ ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ዱቄቱ ያለው በሌላው መንገድ ነው» ብላቸው «አራት ዓመት ሙሉ የተማርሽው የጉሮሮ ካርታ ነው እንዴ?» ብለው ኩብራን በሳቅ ገደሏት። የነቢያት ጾም ሲገባስ ምን ይጠርግልዎታል አልኳቸው። መልሱን አዘጋጅተው ቆይተዋል፤ «ዘንድሮ ሰሊጥ እንደሆን ሞልቷል፤ አስወቅጣለሁ። የሰሊጥ ወተት ጾም አያስገድፍም» አሉኝ።

እኔም ማስክ ፍለጋ ተነሣሁ። ያ ሰማያዊው ስስ ማስክ ምራቅ ያግዳል እንጂ ዱቄቱ በጎንና በጎኑ ይገባል። ሻሽ አርጥቦ መጠምጠም አቧራውን ጥቂት ይይዝ ይሆናል፤ የሬዚኑን ትነት ግን አያቆመውም። ሰሊጥ አራሹ ባፈና፣ የአባየ ባልንጀራ፣ ፀረ ተባይ ሲያስረጭ የሚጠቀምበትን ባለ ሁለት ጉንጭ ማስክ አመጣልን። «ይኸ እኮ የጦር ሜዳ ነው፤ መርዝ አይበግረውም» ብሎ ፎከረ። ሳየው ሁለት ክረምት መጋዘን ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የከረመ ነው። የነዚያ ጉንጮች ሆድ ከሰል ነው እታለም፤ ትነቱን እየጠጣ የሚይዘው እሱ ነው። ክፍት ከተተወ ግን ማንም ሳያጠልቀው የመጋዘኑን አየር ሲጠጣ ከርሞ ይጠግባል። አጥልቄው ስተነፍስ የመድኃኒቱ ሽታ ራሱ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። «ጋሼ ባፈና፣ ይኸ የጠገበ ነው» ስለው «ከጠገበ ይጹማ!» ብሎኝ ሄደ።

ለኛ የሚያስፈልገን ሁለቱንም የሚይዝ ነበር፤ ለሬዚኑ ያልተከፈተ ባለ ከሰል ጉንጭ፣ ለዞጲው ዱቄት ደግሞ ከላዩ የሚደረብ ነጭ ማጣሪያ፣ ፊት ላይ ልክክ የሚል ለስላሳ ጎማ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጎንደር አፈላልጋ ላከችልኝ። ሦስት ቀን መናኸሪያ ተመላልሼ ከአውቶቡሱ ስቀበል እንደ ጥሎሽ አቅፌው ነው የገባሁት።

መሞከሪያው ቀላል ነው። አጥልቀሽ ጉንጮቹን በመዳፍሽ ትደፍኝና አየር ትስቢያለሽ። ጎማው ፊትሽ ላይ ልጥፍ ካለ ተስማምቷል፤ አየር ከገባ ማስክ ሳይሆን ጌጥ ነው ያደረግሽው። እኔ ስሞክረው ልጥፍ አለ። አባየ ሲሞክሩት ከጉንጫቸው ሥር ስስስ አለ። አጠበቅሁት፤ ስስስ። ቫዝሊን ቀባሁት፤ ስስስ። ያኔ ነው ከተመለስሁ ጀምሮ ዓይኔ ሥር የነበረውን ያየሁት።

እማየ ሚያዝያ ላይ ካረፈች ጀምሮ ምላጭ ፊታቸውን አልነካውም። ሌላው ሐዘንተኛ ሁሉ አርባዋ ሲወጣ ተላጭቷል፤ የነፍስ አባታቸውም «ፈረደ፣ ይበቃል» ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን ዝናሽ መጥታ መቃብሩ ላይ እርሟን ሳታወጣ አልላጭም ብለው በሰው ፊት ቃል አውጥተዋል። ይህን አንቺም ሰምተሻል። ፂሙ በሩን ለዱቄቱ ከፍቶ እንደሚይዝ ግን እኔም እስከዚያ ቀን አላሰብሁትም። ለመንኋቸው፤ አለቀስሁባቸው። «ሳምባዬን ላንቺ ሥራ ሰጥቻለሁ፤ ፂሜ ግን የናትሽ ነው» አሉኝ።

ሬዚኑን ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁት። ሱቁ ጋ ደውዬ ትእዛዙንም ሰረዝሁት። ቅዳሜ ገበያ ደርሼ ስመለስ ሣጥኑ ተፈልቅቋል። አባየ ማስኩን አጥልቀው፣ ፂማቸው ከጎማው ሥር እንደ ጎፈር ወጥቶ፣ ሙጫው ላይ አቧራ እንዳያርፍ ብለው በርና መስኮቱን ዘግተው ሲያፈሱ አገኘኋቸው። ማስክ አለኝ ብለው ወተቱን እንኳ ትተውታል፤ እኔ ያመጣሁት መከላከያ ይብሱን አደፋፈራቸው። ልጄ በሰው ፊት ቃሏን አትጠፍ ብለው ነው አርባውን ዋንጫ ሊጨርሱ የተነሡት። ብድግ ሊሉ ሲሉ ፍቅፋቂው ክምር ላይ ዘፍ አሉ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። አባየ ስላቸው በእጃቸው ነው የመለሱልኝ። ባፈና ባጃጅ ጠርቶልን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። መርማሪዋ ደረታቸውን ሰምታ ስታበቃ ወደ ውጭ ጠርታኝ «የአየሩ መንገድ እየጠበበ ነው። ከዱቄቱና ከትነቱ ካልራቁ አንድ ቀን ተዘግቶ እንዳይቀር» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ቶርኖው ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

እታለም፣ ሬዚኑን ወደዚህ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የቀረውን አውጥቼ አስወግጄዋለሁ። ዞጲው ግን አለ። ቶርኖውን ይተዉ ማለት ደግሞ ቁመው ይቀበሩ ማለት ነው። ማራገቢያ ሠርቼ ዱቄቱን በመስኮት ላስወጣ እየታገልሁ ነው፤ እሱም ያለ ማስኩ አይበቃም፤ ማስኩም ያለ ምላጭ አይሠራም።

እንግዲህ ልመናዬን ስሚኝ። ለገና እመጣለሁ ያልሻቸውን ይዘው ቀን ይቆጥራሉ። ሕፃን ታቅፈሽ በዚያ መንገድ እንደማትሻገሪ አንቺም እኔም እናውቃለን። አትምጪ። ይህን ቃል ለእህቴ እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አላየሁት። እዚያው ያሉትን ያገር ልጆች ሰብስቢ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ልበሺ፣ ስሟን እየጠራሽ አልቅሺና እርምሽን አውጪ። ከዚያ ደውዪላቸው። «አልመጣም፤ እርሜን እዚሁ አውጥቻለሁ፤ ይላጩ» በያቸው። ካንቺ አፍ ካልሰሙ ከማንም አይሰሙም። እኔ እንደጻፍሁልሽ ግን አታንሺ። ይቀየሙሻል፤ ምናልባትም ስልኩን ይዘጉብሻል። ይቀየሙ። የሚቀየመው የሚተነፍስ ሰው ነው። ደግሞ ነገ ዛሬ አትበይ፤ ደብዳቤው እስኪደርስሽ ያለውን ቀን ራሱ እየፈራሁት ነው።

ባለቤትሽን እንዳለውን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ሆደ ሰፊ ነውና ከጎንሽ ይቁም። ሃይሚን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ኩብራ «ካልተላጩ ወተቱን እኔም ቢሆን እከለክላቸዋለሁ» ብላለች፤ ሰላምታዋም ይድረስሽ። ባፈናም እንዲሁ፤ ማስኩን እስካሁን ይሟገትለታል። አባየ ስጽፍ አይተውኝ ከቶርኖው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያስያዙኝን እንደ ወረደ አስቀምጥልሻለሁ፤ «ለሃይሚ የዞጲ መጫወቻ ሠርቼላታለሁ በያት። መንገዱን በቀን በቀን ይጓዙ። ምላጩንም ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ በመጣች ዕለት...» ብለው ሳይጨርሱ ሳሉ ያዛቸው። የቀረውን አልሰማሁትም።

ታናሽ እህትሽ
ያብስራ ፈረደ
ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.