ባሐሪዝ የሚባሉ ሰዎች

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ማታ 2 ሰ.

መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። ጊንጆ ሰፈር ላለችው ካፌ። ልክ ተሳስቼ አንዱን አሳጠርኩት። ባለቤቷ ምንም አላለችኝም። ሐዘንተኛ ማን ይቆጣል! ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማስታወሻዬ፣ እስካሁን አላለቀስኩም። ወንድሜ ነስሩ ከነቡና ጭነቱ አጋሮ መንገድ ላይ ከተገለበጠ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሰው እያለቀሰ ይገባል፣ መሐረብ አቀብላለሁ። ጥርስ ሐኪም በመርፌ ያደነዘዘው ድድ አለ አይደል? እንደዚያ ነኝ። ብወጋውም አይሰማኝም።

ሚስቱ ራውዳ እኛ ጋ ናት። ወሯ ገብቷል። ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባ ለብቻዬ ጠሩኝ። ነገሩ የሚወለደው ልጅ ስም ነው። ወንድ ከሆነ (ወንድ ነው ብለው ጨርሰዋል) ከነስሩ ቀጥሎ «ባሐሪዝ» ተብሎ ይጻፍ አሉ። የኔ ስም ይቅር።

እኛ ቤት እንዲህ ነው። አገሩ ሁሉ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ ያለው ይወድቃል። እኛ ባሐሪዝ እንዳይወድቅ በየትውልዱ አንድ ሰው እንዘላለን። አባ የአብደላ ልጅ ናቸው፣ የሚጠሩት ግን ሸምሱ ባሐሪዝ ተብለው ነው። አብደላ ተዘለለ። እኔ ፈቲያ ሸምሱ ባሐሪዝ። አሁን ተራው የሸምሱ ሆነ። ባሐሪዝ ማለት ከየመን፣ ከሐድረሞት መጥቶ እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ሱቅ የከፈተ ዐረብ ነው። ከአገሬው ሴት አብደላን ወለደ፣ አገሩ ገባ፣ አልተመለሰም። ይህን ጡት ሳልጥል ጀምሮ ሰምቼዋለሁ።

በቁምዎ ስምዎን አያጥፉ አልኳቸው። ስሙን ከእኛ ሌላ የያዘው የለም አሉ። ነስሩ ነበር የቀረው። ሌላ የያዘ ሰው ካገኘሽልኝ ግን የኔ ይቀመጥ።

እሺ አልኩ። ምን ሥራ አለኝ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ነስሩ በሕይወቱ ሳለ ይነግረን ነበር። በአይሱዙው በአጋሮ መንገድ ሲመላለስ የቡ ላይ አንድ ባሐሪዝ አገኘሁ፣ አጋሮ ላይ ሌላ፣ ገምቤም ላይ አለ እያለ። ዘመዶቻችን መንገዱን ይዘውታል ብሎ ይስቃል። ማንም ልብ አላለውም። የሹፌር ወሬ።

ስሙን በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ሐድረሞት ውስጥ አሉ። ጅዳ ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም። ጃካርታ ሽቶ የሚሸጥ ወፍራም ሰውዬ። አፍንጫቸውን አየሁ። መስተዋት አየሁ። ለጥርስ ሐኪሙ ሰላምታ ጻፍኩለት፣ አንብቦ ዝም አለ።

ከሊሙና ከሰቃ የሚመጡ ደንበኞቼን ጠየቅኩ። እንዲህ ያለ ስም ሰምተው አያውቁም። ስሙ ያለው በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ይገርማል። መገረሜን አወቅኩት እንጂ አልተሰማኝም።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

የቡ ደርሼ መጣሁ። መንገዱ ዳርና ዳር ጀንፈል ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል፣ ሚኒባሱ እየሸሸ ነው የሚሄደው።

ከማል ባሐሪዝ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ስሜን ስነግረው ከባንኮኒው ዘሎ ወጣ። እህቴ እህቴ አለኝ። የእሱም አያት የዐረቡ ልጅ ነው ይላል። ግድግዳው ላይ የየመን ካርታ ሰቅሏል፣ አንድ ቀን አገሬ እሄዳለሁ ይላል። አያቱ አብደላ የሚባል ወንድም ነበረው ወይ አልኩት። አልሰማም። እኛም የእሱን አያት ሰምተን አናውቅም። የአንድ አባት ልጆች፣ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ተለያይተው፣ አለመጠያየቅ? ከማል ሐሳቡን አልወደደውም። ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው መጣለት፣ ሄድኩ።

ኅዳር 8፣ እሁድ

አጋሮ። ኩርባውን አለፍኩ። ነስሩ የወደቀበትን። የተሰበረው ዛፍ አቆጥቁጧል። ረዳቱ ሂሳብ አለኝ፣ ከፈልኩ። ማስቲካ እያኘክሁ ነበር፣ ማኘኬን አላቆምኩም። ራሴን ትንሽ ፈራሁ።

ሙክታር ባሐሪዝ ጎማ ያድሳል። ነስሩን ያውቀዋል፣ ብዙ ጎማ ለጥፎለታል። እጁ ግራሶ ስለሆነ ክርኑን አስጨበጠኝና ቆሞ ዱዓ አደረገለት። ዐረብ ነህ ወይ ስለው ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ። አያቱ የመኛ ነው። ከየም የመጣ፣ ከየመን አይደለም። ታዲያ ባሐሪዝ ከየት መጣ? «የሰውዬው ሰው ነበራ» አለኝ፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ ነው እንደ ማለት።

ከሰዓት ገምቤ ወረድኩ። እዚያ ያለችው ወ/ሮ አስካለ ባሐሪዝ ናት፣ አንገቷ ላይ ማተብ። የሰንበቴ ጽዋ ደግሳ ደረስኩ። ዐረብ ነሽ ወይ ስላት እሷም ሳቀች። አያቷ በክርስትና ወልደ ሚካኤል ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ስም አታውቀውም። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጪራ ላይ አደ ሸሪፋ የሚባሉ አሮጊት አሉ፣ አባታቸው ከአያቶቻችን ጋር በቅሎ ነድቷል፣ ሳይሞቱ ድረሺባቸው አለችኝ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ራውዳ ምጥ ነው ብላ አስደነገጠችን። አልነበረም።

ለአባ ነገርኳቸው፦ የቡ አለ፣ አጋሮ አለ፣ ገምቤ አለ። አለቀሱ። አልሐምዱሊላህ፣ ዘር አለን ለካ አሉ። እንግዲያ የኔ ስም ይቀመጥ፣ ባሐሪዝ በወንድሞቼ ይኖራል አሉ። እኔ የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር። አለቀ። ቁጭ ብዬ መጋረጃዬን ልሰፋ።

ግን አላለቀም። አባ ለልጁ ዐቂቃ፣ ለሰባተኛ ቀን የስም ድግሱ፣ ሁሉንም ሊጠሩ ነው። ዘመዶቼን ላስተዋውቃችሁ ብለው ጎረቤት ሊሰበስቡ። ስለ ሙክታር የመኛነት አልነገርኳቸውም። የአስካለን ማተብም አልነገርኩም። ሰው ፊት ሊዋረዱ ነው፣ አዋራጇ ደግሞ እኔ ነኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እኔ ዝም ብዬ ቤት ሙሉ ዝንብ እያስገባሁ ነው።

ጪራ ልሄድ ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ ጪራ፣ አልጋ ቤት

አሁኑኑ ልጻፈው። በኋላ አሳምሬ እንዳልጽፈው።

አደ ሸሪፋ ዓይናቸው አያይም። ጆሯቸው ደህና ነው። እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የማን ነሽ አሉ። የአብደላ የልጅ ልጅ አልኩ። የቱ አብደላ? የባሐሪዝ። ኤዬን፣ አወቅኩት አሉ። የዳለቻ ነጂ።

ዳለቻ በቅሎ ናት። ግራጫዋ። ሌሎቹ ቡሬና ጉራቻ ነበሩ። ቡሬ ትናከሳለች። ጉራቻ ወንዝ ስታይ ትቆማለች፣ ካልዘፈኑላት አትሻገርም። ሁሉንም ነገሩኝ፣ ትናንት እንዳዩአቸው አድርገው። ባሐሪዝ ከዚህ እስከ ጅማ ቡና የሚያስጭን ነጋዴ ነበር። በየማደሪያው፣ ጪራ፣ ገምቤ፣ አጋሮ፣ የቡ፣ የራሱ ሰው ነበረው። በቅሎ የሚያራግፍ፣ የሚያበላ፣ ለሚቀጥለው የሚያስረክብ። ልጅ ግን እዚህ አገር አልወለደም። ማሎ፣ ኧረ ከየት ይወልዳል አሉ፣ ሚስትም አላገባ።

አብደላስ? አልኩ።

«ተገዝቶ ነው የመጣ። ሁሉም ተገዝተው ነው። አባቴም።» ድምፃቸው አልተለወጠም። አብደላ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ነው አሉ፣ ሲመጣ የወተት ጥርሱን ገና አልነቀለም። ኬላው ላይ፣ ገበያው ላይ ሰው ያስቆማቸዋል። ካን ኤኙቲ? የማን ነህ? እነሱ ደግሞ ካን ባሐሪዝ። የባሐሪዝ። እንዲህ እያሉ አረጁ። ሰውዬው አገሩ ሲገባ እነሱ በነበሩበት ቀሩ፣ ስሙም አብሯቸው ቀረ። ሌላ የሚሉት ስም አልነበራቸውም።

የአብደላ አባት ማን ይባላል? አልኩ።

እሱን አላውቅም ልጄ አሉ። ማንም አልጠየቀው።

የሦስቱንም በቅሎ ስም ያውቃሉ።

ኅዳር 15፣ እሁድ

ከጠዋቱ 4 ሰ. ወንድ ተወለደ። ሁለቱም ደህና። ጆሮው የነስሩ ነው፣ ጫፉ የታጠፈ። አቀፍኩት። ከበደኝ፣ ሌላ ምንም። ራውዳ አየችኝና ዓይኗን መለሰች።

አባ በጆሮው አዛን አሉለት። ከዚያ ወጥተው ስልክ መደወል ጀመሩ። ከማል የቡ። ሙክታር አጋሮ። «ወንድሜ» ሲሉ በመስኮት ይሰማኛል።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው።

ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር። አላስጌጥኩትም። ባሐሪዝ የአብደላ ጌታ ነው እንጂ አባቱ አልነበረም አልኩ። መንገድ ላይ ያሉት ዘመድ አይደሉም፣ አብረው የተገዙ ሰዎች ልጆች ናቸው። ቀጥ ብዬ ተናገርኩ፣ የመስኮት ልክ እንደማነብ። ያ የደነዘዘው ነገሬ ለዚህ ጠቀመኝ። አፈርኩበትም።

አባ አልጮሁም። ሲገዛ ዕድሜው ምን ያህል ነበር አሉ። የወተት ጥርሱን ያልነቀለ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስለ አባታቸው አንድ ነገር ነገሩኝ። አብደላ ስሙን ለጠራው ሰው ሁሉ፣ ሕፃንም ይሁን፣ ተነሥቶ ቆሞ ነበር «አቤት» የሚለው። ሸምግሎም፣ ታሞም። አንድ ጊዜ እኔ ስጠራው ቆመ፣ የገዛ ልጁ። አደቡ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራለት ነበር አሉ።

ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

አባ ሁለት ቀን ከመስጊድ በቀር አልወጡም። ራውዳ ምን ብለሽ ነው አባን የገደልሽብን ትላለች። አንድ ሞት አንሶን ነው? ብዋሽ ይሻል ነበር? ልጁ በማን ስም እንደሚጠራ ማንም አያውቅም። እኔን የሚጠይቀኝ የለም።

እንግዶቹን ይቅሩ በሏቸው አልኩ፣ በበሩ በኩል። ይምጡ አሉ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1 ሰ.

መጡ። ከማል ነጭ ጀለቢያ ለብሶ። ሙክታር ከነልጆቹ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ። ወ/ሮ አስካለ ከገምቤ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር የሙስሊም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ጣጣ አልመጣም፤ ለእሷ ሽሮ ተሠራ፣ ጎረቤት ግማሹ ከእሷ ጋር ሽሮ በላ። አደ ሸሪፋ መምጣት አልቻሉም።

አባ ቆሙ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ቁጭ ብለው ይናገሩ ተባሉ፣ እምቢ አሉ። ሕፃኑን አቅፈዋል። የልጄ ልጅ ስሙ አብደላ ነስሩ ሸምሱ ነው አሉ። ሰው በረካ አለ። ከማል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ባሐሪዝስ አባባ?» አለ።

«እሱ ዘመዳችን አይደለም» አሉ አባ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። ሄርማታ ሙሉ ሰው ፊት፣ ስድሳ ሰባ ዓመት የዐረብ ልጅ ነኝ ያሉበት ሰው ፊት። አባቴን ገዝተው ነው ያመጡት አሉ። የእናንተንም። እኛን የወለደን አንድ ሰው አይደለም፣ ግን አባቶቻችን አንድ ጭነት አውርደዋል፣ እኔ ከዚህ በላይ ዘመድ አላውቅም፣ ብሉ አሉ።

ከማል ተነሣ፣ ጫማውን በር ላይ አገኘ፣ ምንም ሳይቀምስ ሄደ። አንድ ሁለት ጎረቤትም ተከተለው። ሙክታር እጁን ታጠበና መጉረስ ጀመረ። አስካለ ልጁን ተቀበለቻቸው፣ ድካማቸውን አይታ ነው መሰለኝ። አባ ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ነገ ጪራ ትወስጅኛለሽ አሉኝ። የአብደላን አባት ስም ሊጠይቁ። አያውቁትም፣ ጠይቄአቸዋለሁ አልኩ። አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ አጠያየቁን አታውቂበትም፣ እኔ በኦሮምኛ አስታውሳቸዋለሁ አሉ። አሥር ጊዜ ብነግራቸው አሥር ጊዜ ይህንኑ ነው የሚሉት። እሺ አልኩ።

ከዚያ ደግሞ አሉ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ፦ መንገድ ላይ ነስሩ የወደቀበት ጋ አውርጂኝ። እስከ ዛሬ እግሬ አልሄደልኝም። አብረን እንውረድ።

እሺ አልኩ፣ እሱንም። ጠዋት 12 ሰዓት እንነሣለን። ኩርባው ላይ እንወርዳለን። ማስታወሻዬ፣ ይህን ስጽፍ ወረቀቱ ረጥቧል፣ እኔ ግን ማልቀሴን ያወቅኩት አሁን ነው።