በሌላ አባት ስም

መኩዬ፣

ሞት ከለያየን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። በሕይወት ሳለህ ፊደል አልቆጠርሁም ነበር፤ አሁን ግን በግድም ቢሆን ተማርሁ።

ወባው አንተን በወሰደ በወሩ ፋብሪካህ ቤታችንን ለሌላ ሠራተኛ ሰጠው። ወደ ገጠር፣ ይፋግ ወንድምህ ዘንድ እንዳልሄድ፣ «ትርንጎ እዚሁ ከተማ ትማርልኝ» ያልኸኝ ከጆሮዬ አልወጣም። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ይዘሃት ወርደህ በሚያልፈው ታንኳ ቁጥር ስታስተምራት ዛሬም ትታየኛለህ። እዚያው ዳር ከደንገልና ከአሮጌ ላስቲክ ጎጆ ቀለስሁ። የሰው ልብስ እያጠብሁ እንኖራለን።

መስከረም ሲጠባ አንደኛ ክፍል ላስገባት ሄድሁ። ዲሬክተሩ ያለ ቀበሌ ወረቀት አልመዘግብም አለ። ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ፣ «የቤት ቁጥርሽ ስንት ነው?» አለኝ። ቤት የለኝም አልሁት። «ቤት ከሌለሽ የቀበሌያችን ነዋሪ አይደለሽም» አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እኩዮቿ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ ልጅህ ደንገሉ ውስጥ ትደበቅ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ያው ሊቀመንበር አብዮት ጥበቃ ልኮ ከጎጆዬ አስጠራኝ። መሠረተ ትምህርት አልገባሽም ተባልሁ። ለልጄ ነዋሪ ያልሆንሁት ሴት ለእሱ ዘመቻ ነዋሪ ሆንሁ! ገባሁ። አንድ ቀን መጥቶ «መማር የሰፊው ሕዝብ መብት ነው» አለ። ተነሥቼ፣ «የእኔ ልጅ ከሰፊው ሕዝብ አይደለችም?» አልሁት። «ተቀመጪ ጓዲት፣ ይህ የአድኃሪያን ወሬ ነው» አለኝ። ተቀመጥሁ። እኔ ከታሰርሁ ልጅህ ማን አላት?

ልብሳቸውን የማጥብላቸው ወይዘሮ አስካለ ይህን ሰምተው፣ «የባለቤቴ ልጅ ናት ብዬ በቤታችን ቁጥር ላስመዝግባት» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ትርንጎ ግን «የእኔ አባት መኮንን ነው!» ብላ አሻፈረኝ አለች። ሦስት ቀን ለመንኋት። በመጨረሻ፣ የፊተኛው ዲሬክተር ስለሚያውቀን፣ እያለቀሰች ሌላ ትምህርት ቤት ገባች።

ሰኔ ላይ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። በወላጆች በዓል «ትርንጎ ደሴ» ተብላ ስትጠራ፣ የወይዘሮ አስካለ ባለቤት አቶ ደሴ ተነሥተው እጇን ይዘው ሽልማቷን አስቀበሏት። ደግ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው አልፈርድም። እኔ ማን ነኝ ብዬ ልግባ? ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ ባንተ ቦታ ለሌላ ሰው ስም አጨበጨብሁ።

ስትመጣ ሽልማቷን አላሳየችኝም። «እማዬ፣ አባዬ ይቀየመኝ ይሆን?» አለችኝ። አይቀየምሽም አልኋት፤ አንተን ሳልጠይቅ።

ያባረሩንን ይቅር በያቸው አትበለኝ፣ መኩዬ። አልልም። ትምህርቷን እስክትጨርስ ደሴ ይበሏት፤ እዚህ ደጃፍ ቆሞ የማን ልጅ ናት ለሚለኝ ሁሉ ግን የመኮንን ናት እላለሁ። እሷም ለልጆቿ እንድትል አደርጋለሁ።

አደራህን፣ እሷን አትቀየማት።

የትርንጎ እናት