ገና ሥር ያልያዘው ሣር በከብት እንዳይነቀል

ለ፦ ክቡር የወረዳው የግጦሽ መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኔቫዳ

ቀን፦ ግንቦት 9 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ የታገደው የግጦሽ ፈቃዴ እንዲመለስልኝና የአዲሱ ሣር ማሳ በር እንዲዘጋ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ጋኒሽ ኦስፒታል፣ በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ካሉት የባስክ ተራሮች መጥቼ በዚህ ሸለቆ በግ የማረባ ሰው ነኝ። ቀድሞ ለጽሕፈት ቤትዎ የምፈርመው በጣቴ ነበር። ዘንድሮ የማታ ትምህርት ጨርሻለሁና ይህን ያለማንም እርዳታ ጻፍኩት። መምህሬ ወይዘሮ ሎቬልም «እንዳንተ እስክሪብቶ የሚሰብር ተማሪ አላየሁም» ሲሉ መስክረውልኛል።

1. ባለፈው መኸር በትእዛዝዎ መሠረት ከቤቴ በላይ ባለው የመንግሥት መሬት የበቀለውን አሪቲ አሪቲ የሚሸት ቁጥቋጦ በትራክተር የሐዲድ ብረት እየጎተትኩ ነቃቅዬ የስንዴ ሣር የሚባለውን የግጦሽ ሣር ዘራሁበት። እንደ እኔ ቀጥ አድርጎ የዘራ በወረዳው የለም። ሥር እስኪይዝ ሁለት ዓመት ከብት እንዳይገባ የከለከሉት እርስዎ ነዎት። በጎቼም አጥሩ ሥር ቆመው በዓይናቸው ብቻ ሲበሉት ከረሙ።

2. ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አቶ ዴል ሃርክነስ አጥሩን ቆርጦ ላሞቹን አስገባ። ስደርስ ሣሩ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ከአፋቸው ተንጠልጥሏል። ቤልሣ የምትባለው ጥቁር ውሻዬ ላሞቹን ወደ በሩ መመለስ ስትጀምር ሃርክነስ ከፈረሱ ሳይወርድ ሆዷን በጥይት መታት። «አንተ የበግ በጠጥ! ላም ሣር ነው የምትበላው፤ ምን ላብላት፣ የማታ ደብተርህን?» አለኝ። ውሻዬ አንጀቷን እየጎተተች ወደ እኔ መጣች። እዚህ ላይ የምጽፈው ቀልድ የለኝም።

3. እግሩን ይዤ ከፈረሱ ጎተትኩት። በሰደፍ ሁለት ጥርሴን አወለቀ፤ እኔም መንጋጋውን ሰበርኩት። በአገሬ በድንጋይ ማንሳት ውድድር የታወቅሁ ሰው ነኝና መንጋጋ ብቻ መሰበሩ የትዕግሥቴ ምስክር ይሁንልኝ። አብረውት የነበሩት ፈረስ ጋላቢ እረኞቹ ግን በገመድ አስረው እኔው ባወጣሁት ትልም ላይ በፈረስ ጎተቱኝ። የጀርባዬ ቁስል ልክ እንደ አዘራሬ ቀጥ ያለ ነው፤ ቢፈልጉ አሳይዎታለሁ።

4. ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ሁሉ ሰምቶ ጠብ የጀመርኩት እኔ ነኝ በማለት በጎቼን በበጋ ተራራ ላይ የማሰማራበትን ፈቃዴን አገደ፤ ማሳውንም ለሃርክነስ ለቀቀለት። በጎቼ ሰኔ ሳያልቅ ተራራ ካልወጡ ከነግልገሎቻቸው ወደ ቄራ መንዳቴ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በአካል መጥተው አንድ ጭብጥ ሣር ይዘው እንዲስቡ በትሕትና እለምናለሁ። እኛ እረኞች የምንለየው እንዲህ ነው። ተበጥሶ እጅዎ ላይ ከቀረ ማሳው ደርሷል፣ ሃርክነስ ይብላው። ከነሥሩ ከመጣ ግን በሩ ይዘጋ፤ ለእሱ ላሞችም፣ ለእኔ በጎችም። የተራራ ፈቃዴም ይመለስልኝ።

ሃርክነስ መንጋጋው ስለታሰረ በጋላቢው አፍ «ሰኞ የቀሩትን ላሞች አስገባለሁ» ብሎ ልኮብኛል። ወይዘሮ ሎቬል ደግሞ «ጋኒሽ፣ ከመማታትህ በፊት ጻፍ» ብለውኛል። ይኸው ጽፌያለሁ። ሰኞ ጠዋት ውሻዬን ከቀበርኩበት በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ወይ እርስዎን፣ ወይ እሱን።

ከሙሉ ሰላምታና ከጎደለ ጥርስ ጋር

ጋኒሽ ኦስፒታል
(በገዛ እጁ የፈረመ)